ውሃው እስኪጠራ

«እንዴት አምሮብሻል!» አለ ባሏ። አዲሱን ቀሚሷን እያስተካከለች ፈገግ አለች።

«አንቺን አይደለም፤ ተክሏን ነው» አላት፣ ዓይኑን ከመስታወቱ የዓሣ ገንዳ ሳይነቅል።

ተክሎቹን የመረጠችለት ራኬብ የምትባል ሻጭ ናት። «መብራቱ በቀን ከስምንት ሰዓት አይበልጥም፣ ማዳበሪያው በሳምንት አንዴ ነው ብላኛለች» ይላል። ስሟን ሳያነሳ እራት አይበላም።

ሚስቱ አንድም ቀን አልተነጫነጨችም። እሱ ሥራ ሲሄድ ግን መብራቱን ቀኑን ሙሉ ታበራለች፤ ማዳበሪያውንም በየቀኑ ጠብ ታደርጋለች። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው አልጌ ለብሶ ዓሣዎቹ እንኳ አልታይ አሉ።

«ብንጥለው አይሻልም?» አለችው ድምጿን አለዝባ።

«ኧረ በፍጹም! ራኬብ ውሃው እስኪጠራ በየቀኑ ቤት እየመጣሁ አየዋለሁ ብላለች።»

ሚስቱ እናቷን አብረው እንዲጠይቁ ስትለምነው የለኝም ያላትን የዓመት ፈቃድ በማግስቱ ወሰደ።