የዒልሚ ዋንጫ

በዒልሚ ዋንጫ ፍጻሜ ቀን ሂባቅ ከሁሉም ቀድማ ሳቢያን ሜዳ ደረሰች። የተበጠሰውን የግብ መረብ በሲባጎ መቋጠር ነበረባት። እሷም በረኛ ናት። በረኝነቱን ከአያቴ ወረስኩት ትላለች፤ ዋንጫው በስሙ የተሰየመለትን አያቷን ዒልሚን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ዒልሚን ድሬዳዋ ውስጥ ያላየውም ያውቀዋል። "ሙጫው" ነበር የሚባለው፤ እጁ የገባች ኳስ አትወጣም። በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ሀናድ ከሚባል አጥቂ ጋር አየር ላይ ተላትመው ሁለቱም ወደቁ። ሀናድን በቃሬዛ አወጡት። ዒልሚ ግን አጥንቱ ተሰብሮ ሳለ አልወጣም አለ፤ እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ቆሞ አንዲት ግብ ሳትገባበት ዋንጫውን ወሰደ።

በስድሳ ዘጠኙ የሶማሊያ ጦርነት ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ላይ ቁስለኛ ተሸክሞ ሲሮጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ ፋዱማ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ታሪኩን ለልጅ ልጇ ለሂባቅ እየደጋገመች የነገረቻትም እሷ ናት። ሜዳው ድረስ ግን መጥታ አታውቅም። "ሐዘኑ ገና አልወጣላትም" ይላል ሰዉ።

ዘንድሮ ዋንጫው ፈተና ገጠመው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዐብዲናሲር ስፖንሰር የሚሆን አንድ የሳሙና ፋብሪካ አግኝቷል። ፋብሪካው ማልያም ኳስም አዲስ መረብም እሰጣለሁ ብሏል፤ ዋንጫው በፋብሪካው ስም ከተጠራ።

"የአያቴን ስም በሳሙና አታጥቡትም!" ብላ ሂባቅ ስብሰባው መሀል ተነሳች። "በተቀደደ መረብ እንጫወታለን እንጂ ስሙ አይነካም!"

ዐብዲናሲር ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩ ለዘንድሮ ይቆይ አላት።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ኒም ዛፉ ሥር ሻይ ሻጯ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነገር ጀመረ። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ፣ በጭነት መኪና እንደመጣ ለሻይ ሻጯ ነግሯታል፤ ከዚያ ውጭ ማንነቱን የሚያውቅ የለም። ሲጠጣ ብርጭቆውን ወደ አፉ አያነሳም፤ አፉን ወደ ብርጭቆው ይወስዳል። በድምፅ ማጉያው የጀግናው የዒልሚ ታሪክ ሲነገር ሳቀ።

"የቱ ጀግና?" አለ ጮክ ብሎ። "ያ ሰው ፈሪ ነበር።"

ሰዉ ዞረ። ሂባቅ ጓንቷን እንዳጠለቀች መጥታ ፊቱ ቆመች።

"አደር፣ ስለማን ነው የምታወራው?" አለችው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው።

"ስለ ዒልሚ ነዋ። ቁስለኛ አልተሸከመም። ጥይትም አልነካውም። ተኩሱን ሲሰማ ሚስቱን ከነልጆቿ ጥሎ ጅቡቲ ገባ፤ በዚያው ቀረ።"

"ውሸት!"

"ወላሂ፣ የማውቀውን ነው።"

"ሀናድ ነው!" የሚል ድምፅ ከሰዉ መሀል ወጣ። "ያ አጥቂው! ቂሙን ይዞ ይኸው መጣ!"

ሂባቅም ወዲያው ገባት። አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ማለቱን አየች። ያን ቀን በቃሬዛ የወጣ ሰው፣ ስንት ዘመን ቆይቶ፣ መልስ የማይሰጥ ሙት ሊሰድብ መጥቷል።

"ሀናድ ነህ?"

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ሀናድ ጥሩ አጥቂ ነበር" አለ። "የዚያን ቀንም ጥፋቱ የሱ አልነበረም።"

"አቦ፣ ራሱን ሲያሞግስ ስሙት!" ብለው ሳቁበት።

ጎረምሶች ክንዱን ይዘው ከሜዳው ሊያስወጡት ሞከሩ።

"አልወጣም!" ብሎ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። "ብትደበድቡኝም አልወጣም። በውሸት ዋንጫ አትጫወቱም!"

ዐብዲናሲር ሂባቅን ወደ ጎን ሳባት።

"ይሄ ወሬ ከተማውን ሳይሞላ ስሙን ቀይረን ብንገላገል አይሻልም?"

"አይቀየርም!"

"እሺ፣ ምስክር አለሽ?"

"አለኝ እንጂ!" አለችና ጓንቷን በጥርሷ ስባ አውልቃ ለአያቷ ለፋዱማ ደወለች። "አዬዮ፣ አንድ ሽማግሌ እዚህ ቁጭ ብሎ አያቴ ሸሽቶ ነው የጠፋው እያለ ነው። ሰዉ ሁሉ እየሰማው ነው።"

ፋዱማ በረጅሙ ተነፈሰች። ሂባቅ አያቷ የምታለቅስ መሰላት።

"እንዳይሄድ ያዙት" አለች ፋዱማ። "በባጃጅ እየመጣሁ ነው።"

ዳኛው ጨዋታውን አቆየው። ተጫዋቾቹ ሣር በሌለው ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሽማግሌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑን ግን ከመንገዱ ላይ አልነቀለም።

ባጃጇ ስትቆም ፋዱማ የማንንም እጅ ሳትይዝ ወረደች። ሰዉ ከሁለት ተከፍሎ አሳለፋት። ሂባቅ ልቧ ሞላ። አሁን እውነቱ ይወጣል፤ ያ ምላሰኛ ሽማግሌም አፍሮ ወደ መጣበት ይመለሳል።

"አዬዮ፣ ንገሪው! በሰዉ ሁሉ ፊት ንገሪው!"

ሽማግሌው ዱላውን ተደግፎ ተነሳ።

ፋዱማ ሻርፗን አስተካክላ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። እንባ የሚባል ፊቷ ላይ አልነበረም።

"ዒልሚ፣ የመበለት ሐዘን ዒዳዬን ጠብቄ፣ ሰደቃህን አብልቼ ቀብሬሃለሁ፤ ማን ፈቅዶልህ ነው የተነሳኸው?"