ለግብር የተቀዳ ድምፅ

ሰው ሲሞት ድምፁ ከየስልኩና ከየመሣሪያው እንዲጠፋ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የሟች ድምፅ የሚገኘው ግብር ቢሮ ብቻ ነው። ሰው ግብሩን የሚያስታውቀው በቃሉ ስለሆነ፣ ቢሮው ቅጂውን ያስቀምጣል።

ልብስ ሰፊው አቶ ወንድይፍራው የአምናውንም የዘንድሮውንም ሳያስታውቁ የቆዩት ሰንፈው አልነበረም። በየዓመቱ ከሱቃቸው ሆና በመቅረጫው የምታስታውቀው ባለቤታቸው አስካለ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ መቅረጫውን መንካት ሞት ሆነባቸው። ዛሬ ግን ውዝፉን ሁሉ አስታውቀው፣ ቅጣቱንም ከፍለው ጨረሱ። ውዝፍ ያለበት ሰው የድሮ ቅጂ አይሰጠውማ!

“የትኛውን ዓመት ላውጣልዎት፣ ጋሼ?” አለች ጸሐፊዋ።

“እሷ መጨረሻ ያስታወቀችውን፣ ልጄ።”

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። የመጣው ግን የገዛ ስፌት መኪናቸው ኳኳታ ነበር። አስካለ ከኳኳታው ሥር ታወራለች፤ የክሩን፣ የቁልፉን፣ የሱቁን ኪራይ ትናገራለች መሰል፣ አንድም ቃል አይለይም።

“ከዚህ የጠራ የለም?”

“ቢሮው የሚያስቀምጠው እንደሰማው ነው፣ ጋሼ።”

እንደገና አደመጡ። መሃል ላይ አስካለ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ “ወንድዬ፣ በሞቴ፣ እስክጨርስ እንኳ አቁመው!” አለች። መኪናው ግን አላቆመም።

ያን መኪና ዕድሜ ልካቸውን ሲረግጡበት የኖሩት ቀኝ እግራቸው፣ መርገጫውን እንደሚለቅ ሁሉ፣ ከቢሮው ወለል ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።