ያልተሳሳሙት ፊርማና ማኅተም

«እትዬ፣ ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም» አለና የግብር መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ቅጹን በመስኮቱ ቀዳዳ ገፍቶ መለሰላት።

የፅጌረዳ ደም ፈላ። እሷና ወንድሟ ፉሪ ላይ ያቋቋሙት ኃላፊነቱ የተወሰነ ትንሽ የብሎኬት ማምረቻ ማኅበር ከአንድ ትምህርት ቤት የተከፈለውን ገንዘብ ለግብር ልታሳውቅ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፋ፣ ተራው የደረሳት ገና አሁን ነበር። «ወንድሜ፣ ፊርማዬም ይኸው፣ ማኅተሜም ይኸው። ሁለቱ ካልተሳሳሙ ግብርዎን አልቀበልም ነው የሚሉኝ?»

«መመሪያ ነው።»

ከቦርሳዋ ማኅተሟንና የቀለም መርገጫዋን አወጣች። አዲስ ቅጽ በካርቦን በሁለት ቅጂ ሞልታ ፈረመች። ከዚያ ብሎኬት የምትጠቀጥቅ ይመስል ማኅተሙን በሁለት እጇ ተጭና አሳረፈችው፤ የፊርማዋን ጅራት ዋጥ አደረገው። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «አሁን ገና!» አለ። በእሷ ቅጂ ላይ ፈርሞ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ቢመታበት፣ ቀለሙ ደርቆ ኖሮ ምንም አልወጣም።

«መርገጫዎን እስቲ ያውሱኝ።»

አቀበለችው። ቅጂዋን መልሶ ሲሰጣት የእሱ ፊርማ ከላይ ጥግ፣ ማኅተሙ ከታች ጥግ ተኳርፈው አየቻቸው።

«ወንድሜ፣ የእርስዎም እኮ አልነካም!»

«ግድ የለም፣ የእኛ ነው» አለና መስኮቱን ዘጋው። መርገጫዋ ከውስጥ ቀረ።