ለሁለት ሰው የማይበቃ ቤንዚን

ጥር ላይ፣ ተራራው መሀል፣ በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር፣ የስኖውሞቢሉ ቤንዚን ለሁለት ሰው እንደማይበቃ አየሁ። ተስፋሚካኤል ከኋላዬ ተቀምጦ እጆቹን ኪሴ ውስጥ ያሞቃል። «እስቲ ውረድና መንገዱን እይልኝ» አልኩትና በረዶው ላይ ጥዬው ነዳሁ። ለሚስቱ ለአስካል «ጠፋብኝ» አልኳት፤ አመነችኝ።

ሐምሌ ላይ አስካል ስኖውሞቢሉን ልትሸጠው ፈልጋ ፓራዳይዝ ከተማ ያለው ጋራዧ ጠራችኝ። ሙቀቱ ይጠብሳል።

«ቤንዚን ሞልቼበታለሁ፤ ለምንድነው አልነሳም ያለኝ፣ ተፌ?» አለችኝ።

«ታንኩ ደርቆ ስለነበር ነው። ፓምፑ ቤንዚኑን እስኪገፋው ቁልፉን ሦስቴ ከፍቶ መዝጋት ነው» አልኳት።

ወጥቼ ተቀመጥኩ። ስከፍተው ፓምፑ እዝዝ ብሎ ዝም አለ። ዘጋሁት። ሁለተኛውም እንደዚያው።

ሦስተኛውን ስከፍት ወንበሩ ከኋላዬ ዝቅ አለ። ሁለት በረዶ የሆኑ እጆች ቀስ ብለው ኪሴ ውስጥ ገቡ።