ለአንገቱ እንዲስማማ

ከነካርቶኑ ግድግዳ ተደግፎ የሰነበተውን ትልቅ ቴሌቪዥን የሚሰቅለው ባለሙያ ሲመጣ፣ ሴትየዋ ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ በሩን ከፈተችለት። ከዚያ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ ቆመች።

ባለሙያው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። «ብሎኬት ነው፣ ይይዛል። እትዬ፣ የሚያየው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ያ የባለቤቴ ወንበር ነው» አለች፣ ወደ መስኮቱ እያሳየች። «አንገቱን ስለሚያመው ቀና ብሎ ማየት አይችልም። ዝቅ አድርግለት።»

«ቁመታቸውስ?»

ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን ከዓይኗ አንድ ጋት ከፍ አድርጋ ዘረጋች። «የእሱ ዓይን እዚህ ጋ ነው።»

ባለሙያው በመዳፏ ልክ ምልክት አድርጎ ግድግዳውን በሳ፤ ብሎኑን አጥብቆ ቴሌቪዥኑን ከሰቀለ በኋላም እንደማይወድቅ ለማረጋገጥ በሁለት እጁ ወደ ታች ስቦ ፈተነው። ከዚያ ሪሞቱን አነሳ። «ልክፈተው?»

ሪሞቱን ከእጁ ተቀበለችው። ከቁም ሳጥኑ ነጠላ አውጥታ ስክሪኑን ልትሸፍን ክንዶቿን ስትዘረጋ ጋቢዋ ከትከሻዋ ወረደ። ከሥር የለበሰችው ጥቁር ነበር።

«የእሱ አርባ ሳይወጣ አይከፈትም» አለች፣ የነጠላውን ጫፍ እያስተካከለች። ቀጥላም ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብላ አየችና ባለሙያውን ጠየቀችው።

«አንገቱን ግን አያሳምመውም አይደል?»