የተፋቀው ብየዳ

አግዳሚ ወንበሩ የተሰበረው በተማሪዎች የሥራ ትርኢት ቀን፣ ከትምህርት ቢሮ የመጡት እንግዳ ስለ ሙያ ትምህርት ጥቅም ተናግረው ጨርሰው ገና አረፍ ሲሉ ነው። አንደኛው እግር ከማዕዘኑ ተገንጥሎ እንግዳው ከነሱፋቸው ተዘረሩ። ግቢውን የሞላው ተማሪ በሳቅ ፈነዳ። እንግዳውም ለይሉኝታ አብረው ሳቁ፤ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነበር።

የብየዳ መምህሩ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወርክሾፑ የሰነፍ ተማሪ ማጎሪያ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል።

"እንጨቱ እንኳን ደህና ነው ጋሼ" አላቸው የእንጨት ሥራ መምህሩ። ጎናቸው ቆሞ፣ ሳቁን እየዋጠ፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። መቀመጫውን የሠሩት የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ብረቱን የበየደችው ደግሞ ጥድፊያ ናት።

ቅጽል ስሙን ያወጡላት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ሌላው ተማሪ ጭንብሉን እስኪያጠልቅ እሷ ሁለት መጋጠሚያ ትጨርሳለች። ከክፍሉ ሁሉ የምትቀርባቸውም እሷ ነች፤ ስም መጥሪያውን ታነብላቸዋለች፣ ከኤሌክትሮዱ ካርቶን ላይ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች። እናቷ "ብረት ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?" ብለው አሻፈረኝ ባሉ ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄደው ያግባቡት መምህሩ ናቸው። "ልጅዎን ሥራ አስይዛታለሁ" ብለው ቃል ገብተዋል።

ቃላቸውም ባዶ አልነበረም። የአውቶብስ አካል የሚሠራው ፋብሪካ በየዓመቱ ከክፍላቸው አንድ ልጅ ይቀጥራል፤ ፈተና የለም፣ የእሳቸው ደብዳቤ ብቻ ይበቃል። የዘንድሮው ደብዳቤ የጥድፊያ ነበር። ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጧል። የፋብሪካው ሰውዬም እዚያው ግቢ ውስጥ ከታዳሚው ጋር ቆሞ ሁሉንም አይቷል።

ደግሞስ ለትርኢት የሚወጣ ዕቃ መቼ ሳይታይ ይወጣል? ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሁሉም በመምህሩ እጅ ያልፋል። አንዱን ይዳብሳሉ፣ አንዱን ይነካካሉ፣ ያልጣማቸውን ፍቀው ራሳቸው ይደግሙታል፤ የዱሮ ልማዳቸው ነው። ይህንን ወንበርማ መታ መታ አድርገው "ይሄ ዝሆን ይሸከማል" ብለው ነበር። እና ልጅቷ እንዴት እንዳታለለቻቸው ሊገባቸው አልቻለም።

የቢሮውን እንግዳ ሸኝተው ወደ ወርክሾፑ ሲያመሩ የግራይንደሩ ጩኸት ከሩቅ ተቀበላቸው። በሩን ከፈቱት። ጥድፊያ የተሰበረውን እግር በሞርሳ አስራ ትፍቃለች። ሁለት ሦስት ልጆች ዳር ቆመው ያያሉ። ብየዳው ከነበረበት ቦታ ላይ ጠፍቶ የሚያብለጨልጭ ባዶ ብረት ብቻ ቀርቷል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ግራይንደሩን አጠፋች። "ፋቅሁት ቲቸር።"

"ለምን?"

"እንዳይታይ ብዬ ነው።"

መምህሩ ጉንጫቸው ጋለ። "ብየዳ ይሰበራል፤ እኔም በልጅነቴ ስንቱን ሰብሬያለሁ። መደበቅን ግን ከማን ተማርሽው? ከእኔ ነው?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሞርሳው መለሰች።

"ከጥድፊያሽ ነው አይደል? ለጠፍ አድርገሽው ሄድሽ።"

"አዎ ይሁን ቲቸር።"

"ይሁን ማለት ምንድን ነው? አዎ ነው ወይስ አይደለም?"

"አዎ" አለች፤ ድምጿ ተሰበረ።

መምህሩ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ልጆቹ እያዩ ለሁለት ቀደዱት። ከዚያ ወደ ግቢው ተመልሰው ለፋብሪካው ሰውዬ የሌላ ልጅ ስም ነገሩት። ሰውዬው ምክንያቱን አልጠየቀም። ስሙን መዘገበ፣ መኪናውን አስነሳ፣ ሄደ። ጥድፊያም ሽርጥዋን በቦታው ሰቅላ፣ የፋቀችውን ብናኝ ጠርጋ፣ በኋላው በር ወጣች።

አላሳዘነቻቸውም ማለት ውሸት ነው። ግን እፍረቱ ሐዘኑን በለጠው። እናቷን በምን ዓይናቸው እንደሚያዩ አያውቁም። ያቺን ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ አምነው፣ በየቢሮው አሞግሰው፣ አሁን የሰው መሳቂያ ሆነዋል። ርዕሰ መምህርቷ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በማስረጃ የተደገፈ ሪፖርት ዛሬውኑ ይድረሰኝ ብላለች። ሪፖርቱን ለመጻፍ ቁጭ ብለው የመጀመሪያው መስመር ላይ የልጅቷን ስም ጻፉ።

የእንጨት ሥራ መምህሩ በሩን አንኳኩቶ ገባ።

"ጋሼ፣ ማስረጃውን ፋቀችው ሲሉ ሰማሁ። ፎቶው እኔ ጋ አለ። እንግዳው ገና እንደወደቁ ወንበሩን ገልብጬ አንስቼዋለሁ፤ ለሳቅ ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አምጣው። ጉዷን ልየው።"

ስልኩን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ያዙት። ምንም አልታይ ሲላቸው ወጣቱ በሁለት ጣቱ አሰፋላቸው። ብየዳው በመጋጠሚያው ላይ አልሄደም። ስቶት ወደ ጎን ወጥቶ፣ ብቻውን፣ ደንዳናው ብረት ላይ ተኝቷል።

"ዓይኗን ጨፍና ነው እንዴ የበየደችው?" አለ ወጣቱ።

መምህሩ ስልኩን ይበልጥ አራቁት። የአሥራ ሁለቱንም ተማሪዎቻቸውን ብየዳ እንደ እጅ ጽሕፈት ለይተው ያውቃሉ። ይሄ ወፍራም ነው፣ ዝግ ብሎ የተሠራ፣ ጫፉ ላይ ተመልሶ የታጠፈ።

የበየዱት እሳቸው ነበሩ።