ሁልጊዜ ደጀን የሚወርደው ዕቃ

መምህርት ሥራነሽ ጃኬቱን ለሐራጅ ያወጣችው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር።

ሐራጁ የቴሌግራም ቻናል ነው። ሻጭ ፎቶና መነሻ ዋጋ ይልካል፤ ተጫራቾች ከሥሩ እየጨመሩ ይጽፋሉ፤ ከሁሉ የበለጠው ይወስዳል። ባለቤቱ አንሙት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ከሻጩ ነው፤ ገዢው ቢጠፋም ይቆርጣል።

እንደ ልማዱ ከደጀን ከተማ የሚጫረተው ልጅ አሸነፈ።

ልጁ በየሰሞኑ ስሙን ይለውጣል። የሚያደርገው ግን አንድ ነው። ዋጋ ሰቅሎ ያሸንፋል፤ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ይልካል፤ ደረሰኙ ስልክ ላይ የተሠራ ነው። ሌሎቹ ሻጮች ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃ አይሰጡም፤ እነሱን ያከሰራቸው ኮሚሽኑ ብቻ ነበር። ሥራነሽ ግን ደረሰኙ እንደደረሳት ዕቃውን ለአውቶቡስ ረዳት ትሰጣለች። መጀመሪያ ጫማ ላከች። ከዚያ ሹራብ። ከዚያ ብርድ ልብስ።

«ደግሞ ልትልኪለት ነው?» አለች መክሊት። ጎረቤቷ ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች።

«ደረሰኝ ልኳል።»

«የነገ ቀን ያለበት ደረሰኝ! ነገን ነው የከፈለሽ?»

ሥራነሽ አቀርቅራ ፈገግ አለች። መክሊት ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልክ አንስታ ከልጁ ጋር የተለዋወጠችውን የድምፅ መልእክት ከፈተችው። መጀመሪያ የሥራነሽ ድምፅ ተሰማ፦ «የማን ልጅ ነህ?» ቀጥሎ የልጁ፦ «የወይዘሮ ወለተ ኪዳን። እሳቸውም ዐምና ዐረፉ። ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«በይ፣ እናቱንም ገደላት!» አለች መክሊት። «የሌባ እናት መቼ ኖራ ታውቃለች?» ከዚያ ወደ ሥራነሽ ዞረች። «ቆይ፣ ይሄን የቆየ መልእክት እስካሁን ትሰሚዋለሽ? በግድግዳው በኩል እሰማለሁ እኮ፤ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር።»

የሥራነሽ ፊት ቀላ።

«እግዚኦ! ወደሽው ነው እንዴ? ተማሪሽ የሚሆን ልጅ!»

«ተይ እባክሽ» አለችና ስልኳን ተቀብላት ወደ ጓዳ ገባች።

ሥራነሽ አላገባችም። ሽማግሌ ሲላክባት እንቢ እያለች ዕድሜዋ ሄደ፤ መምህራኑ ከኋላዋ «መነኩሲቷ» ይሏታል። ቅዳሜና እሑድ በሯን የሚያንኳኳ የለም። ስልኳም የሚጮኸው ለደጀኑ ልጅ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ጃኬቱ ኮፍያ አለው?»

«አለው። የደጀን ነፋስ ክፉ ነው።»

ደጀንን ታውቀዋለች። ኮሌጅ ሳለች ታማ፣ ትምህርቷን አቋርጣ አክስቷ ዘንድ ከርማበታለች።

ሰኞ ጠዋት ጃኬቱን ላከች። ረፋድ ላይ አንሙት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«መምህርት፣ ዛሬ እጅ ከፍንጅ እንይዘዋለን። ለፖሊስ ነግሬያለሁ፤ ደጀን መናኸሪያ ላይ እየጠበቁት ነው።»

«ይቅር፣ አንሙት። ትንሽ ነገር ነው።»

«ለእርስዎ ትንሽ ነው! እኔ ሻጮቼ ጥለውኝ እያለቁ ነው።»

አንሙት እንደወጣ ስልኳን አነሳች። «ዕቃውን ለመውሰድ አትሂድ» ብላ ጻፈች። መልእክቱ ሳይነበብ ቀረ። ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ልጁ ተያዘ። ማግስቱን ቃል ለመስጠት ከአንሙት ጋር ወደ ደጀን ወረደች። አንሙት ሉማሜ እስኪያልፉ ስለ ሌቦች አወራ። እሷ መስኮቱን ስታይ ቆየች።

ልጁ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከሲታ ነው። የላከችለትን ሹራብ ለብሷል። ቀና ብሎም አላያትም።

«ይስማው ይባላል» አለ መርማሪው። «ዕቃ የላኩለት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ስለዚህ ክሱ የሚቆመው በእርስዎ ቃል ነው። አታለለኝ ካሉ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ወህኒ መውረዱም አይቀርም። የለም ካሉ እለቀዋለሁ።»

«ገባኝ።»

«ልጁን ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

«የዕቃዎቹን ዋጋ ከፍሎዎታል?»

ሥራነሽ ወለሉን አየች።

«ከፍሎኛል።»

«መምህርት!» አንሙት ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን ነካዎት?»

«በእጄ ነው የሰጠኝ።»

መርማሪው እሷን አየ፤ ልጁን አየ፤ ከዚያ ፈገግታውን በመዳፉ ሸፈነ። አንሙት «ከተማው የሚያወራው እውነት ነው ለካ» እያለ ወጣ።

ልጁ ደጅ ላይ ደረሰባት።

«እትዬ፣ ለምን?»

«በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም።»

የሹራቡ ክሳድ ታጥፎ ነበር። ልታቃናለት እጇን ዘረጋች። ልጁ ወደኋላ ሸሸ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለ ዓይኖቹን እየሰበረ። «ሌባ ነኝ፤ አልዋሽም። ግን እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይደለሁም።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ልጁ ዞር ብሎ ሳያይ ከመኪኖቹ መሀል ገባ።

አንሙት አውቶቡስ ይዞ ጠበቃት። አልተሳፈረችም። ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይደግማሉ። መስቀል ተሳልማ ቆመች።

«አባ፣ በጸሎት የሚያስቡልኝ ሰው አለ።»

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ዘመንፈስቅዱስ። ወለተ ኪዳን ናቸው ያሳደጉት።»

ቄሱ ዳዊታቸውን አጠፉ። ወደ እጇ ጣት አዩ፤ ቀለበት የለም።

«ምንሽ ነው፣ ልጄ?»

«የወለድሁት ልጄ ነው» አልኋቸው።